ቢጫ ሸርተቴ

ውርጌሳን የምታውቋት ከሆነ፣ የምታውቋት በመኪና መስኮት ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ ስትሄዱ ውጫሌን አልፋችሁ፣ መርሳ ሳትደርሱ፣ አስፋልቱን ተከትላ የተዘረጋች ትንሽ ከተማ አለች። ሹፌሩ ሻይ ካላማረው በቀር አይቆምም። ሙቀት አለ፣ አቧራ አለ፣ የማሽላ ማሳ አለ። በዚህች ከተማ ሁለት ልጆች በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት ዕቃ ሠሩ ስል ሰው የሚስቀው ለዚህ ነው። እኔም እስቃለሁ። ግን ሠርተናል።

አንደኛው እኔ ነኝ። የሁለተኛውን ስም አልጽፍም፤ አሁን ያለበት አገር ወረቀቱ የተስተካከለ አይደለም። ጓደኛዬ እያልኩ ልቀጥል።

ነገሩ የጀመረው የካቲት 2002 ዓ.ም. ነው። ስምንተኛ ክፍል ነበርን። አንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቆመን ቴሌቪዥን ስናይ፣ ከስፖርት ዜናው መሀል የቫንኩቨር የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ መጣ። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ባንዲራ የያዘ ሰው ይራመዳል። ከኋላው የሚከተለው ሌላ የኢትዮጵያ አትሌት የለም። ሮቤል ተክለማርያም ነው። ከዚያ አራት ዓመት በፊት ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በክረምት ኦሊምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር፤ አሁንም ብቻውን ነው። ስፖርቱ አገር አቋራጭ የበረዶ ሸርተቴ ነው። አዲስ አበባ ላይ በረዶ ስለሌለ ጎማ በተገጠመለት ስኪ አስፋልት ላይ ይለማመድ እንደነበር ያወቅኩት በኋላ ነው።

«ሀበሻ በበረዶ!» አለ ጓደኛዬ ጮክ ብሎ።

ሻይ ቤቱ ሳቀ። ጥግ ላይ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ግን አልሳቁም። «በረዶ ማሽላ ያጠፋል እንጂ ምን ይጫወቱበታል?» አሉ።

እውነታቸውን ነው። እኛ አገር በረዶ ማለት በአንድ ከሰዓት የዓመት ልፋት መሬት ላይ የሚያስተኛ ነገር ነው። ከሰማይ እየተወረወረ የሚመታንም በረዶ፣ ከፍሪጅ የሚወጣውም በረዶ፣ ፈረንጆች እንደ ጥጥ ቀስ ብሎ የሚወርድላቸውም በረዶ። አመዳይ የሚል ቃል አለን፤ እኔ ግን ከመዝሙረ ዳዊት ውጪ ሰው አፍ ላይ አልሰማሁትም። ቃሉን ያልተጠቀምንበት ነገሩ ስላልደረሰብን ይመስለኛል።

ጓደኛዬ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ወሬ አልነበረውም። በዚያው ክረምት ከእናቴ ጓዳ ባለ 20 ሊትር ቢጫ የዘይት ጀሪካን ሰረቅን። በቁመቱ ለሁለት ሰነጠቅነው። ፊት ለፊቱን በከሰል እሳት አሙቀን ወደ ላይ ቀለበስነው። ለእግር ማሰሪያ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ አደረግን፤ ለእጅ ሁለት ሽመል። ጫማችን ኮንጎ ነው። ዝናብ ባረጠበው ዳገት ላይ ወጥተን ጭቃው ላይ ለቀቅነው። እሱ አንድ አሥር እርምጃ ያህል ቆሞ ወረደ። እኔ ወዲያው ወድቄ የቀጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገባሁ። ተቧጭሬ፣ ጭቃ በጭቃ ሆኜ ቤት ስደርስ እናቴ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ «ጀሪካኔስ?»

ዓመታት አለፉ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ። እሱ አሥረኛ ክፍልን ጨርሶ መንገድ ዳር ጎሚስታ ሆነ። ከደሴ የሚመጣ ሲኖትራክ ጎማው ሲተነፍስ የሚያቆመው እሱ በር ላይ ነው። ለእረፍት ስመጣ እዚያው ጎማ ላይ ተቀምጬ እውላለሁ። እሱ እጁ ግራሶ በግራሶ እንደሆነ ይጠይቀኛል፦ «እና የኛ አገር ተራራ ላይ በረዶ የለም ነው የምትለኝ?»

አንድ ቀን መልስ ይዤ መጣሁ። ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያገኘሁት ነው። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ አዱሊስ ወደብ ላይ ያየውን የአንድ አክሱማዊ ንጉሥ ጽሑፍ ገልብጦ ነበር። ንጉሡ የዘመተባቸውን አገሮች ሲዘረዝር ስለ ሰሜን ሰዎች ያነሳል፤ የሚኖሩት ሰው እስከ ጉልበቱ በሚሰጥምበት በረዷማ ተራራ ላይ ነው ይላል።

ጓደኛዬ መፍቻውን አስቀመጠ። «እስከ ጉልበቱ?»

«እስከ ጉልበቱ።»

«ታዲያ እንሂዳ!»

ሰሜን ተራራ ሩቅ ነው፤ ራስ ዳሸን ለመድረስ የነበረን ብር አይበቃም። ለእኛ የሚቀርበው አቡነ ዮሴፍ ነው፤ እዚያው ወሎ፣ ላሊበላ አጠገብ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በአማካይ ስድስት ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀንሳል፤ ውርጌሳ ላይ ሸሚዝ የሚያስወልቅ ቀን እዚያ ላይ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። በዛሬ ጊዜ ኢትዮጵያ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚቆይ የበረዶ ግግር የለም። በክረምት ግን ከፍ ያለ ቦታ ላይ የዘነበ በረዶ አድሮ ነጥቶ ይታያል። የኛ ተስፋ ይኸው ነበር።

በ2010 ዓ.ም. ነሐሴ መጀመሪያ ተነሳን። እኔ ተመርቄ ሥራ የለኝም። እሱ ሱቁን ለልጅ አደራ ሰጠ። አዲስ ስኪ ሠርቶ ነበር፤ አሁንም ቢጫ ጀሪካን ነው፤ ግን የጎሚስታ እጅ ገብቶበታል፤ ማሰሪያው በብሎን ታስሯል፣ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ደግሞ እስኪያበራ ተሞርዷል። ሚኒባሱ ጣራ ላይ ስንጭን ረዳቱ «ይሄ ምንድን ነው?» አለን። «የንብ ቀፎ» አልነው። ወደ እውነቱ ከመግባት ይሻል ነበር።

መርሳ፣ ስሪንቃ፣ ወልድያ። ከወልድያ በዲልብ ሽቅብ ወጥተን ጋሸና፣ ከጋሸና ላሊበላ። ጊዜው ፍልሰታ ነው፤ እኔ ጾመኛ። እሱ ሙስሊም ነው፤ ሌላ ጊዜ አብረን ስንወጣ የማን ሥጋ ይበላል የሚል ጣጣ አለብን። ጾም ሲሆን ሁለታችንም በሶና ቆሎ ይዘን ሰላም ነን። ወሎ ውስጥ ያደገ ሰው ይሄን ያውቀዋል።

በማግሥቱ በአሸተን ማርያም በኩል ወጣን። መንገድ የሚያሳየን የአገሩ ገበሬ ቀጥረናል፤ አያ እንላቸዋለን። እሳቸው በኮንጎ ጫማ እንደ ፍየል ይወጣሉ፤ እኛ ስኪያችንን ጀርባችን ላይ አስረን እናለከልካለን። የገብሱ እርሻ አለቀ። አስታው መጣ፣ ከዚያ ጓሳው፣ ከዚያ ጅብራው ብቻውን ጉም ውስጥ ቆሞ። ራሴን አመመኝ። አየሩ ስስ ነው፤ ሃያ እርምጃ ሄጄ ቆሜ እተነፍሳለሁ።

በውጭ አገር ሊፍት ንቀው ስኪያቸውን ተሸክመው በእግራቸው ተራራ የሚወጡ ሰዎች እንዳሉ ኋላ ላይ አነበብኩ። በጋቸው ላይ ሳይቀር፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጥላ ሥር የተረፈ በረዶ ፍለጋ ግማሽ ቀን ይወጣሉ፤ የሚወርዱት ለደቂቃዎች ነው። ጎህ ሳይቀድ ይነሳሉ፤ ፀሐይ በረዶውን ካላላችው አደጋ ነው። ከመነሳታቸው በፊት የሚመለሱበትን ሰዓት ይቆርጣሉ፤ ሰዓቱ ሲደርስ ጫፉ ቢቀርብም ይመለሳሉ። ይሄን ሕግ ያኔ አናውቀውም ነበር።

ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ሰማዩ ተቀደደ። በረዶ ማለት ይሄ ነው! በነጎድጓድ ደመና ውስጥ ወደ ላይ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ የውሃ ጠብታውን ከፍ አድርጎ ያቀዘቅዘዋል፤ በላዩ ላይ ደጋግሞ ውሃ ይረጋበታል፤ ነፋሱ መሸከም ሲያቅተው ይለቀዋል። ጥጥ የሚመስለው በረዶ ግን በድንጋይ መልክ አይወረወርም፤ ከእንፋሎት ቀጥታ ክሪስታል ሆኖ የሚወርድ ነው። እኛ ላይ የወረደው ድንጋዩ ነበር። ስኪዎቹን ጭንቅላታችን ላይ ደፍተን ሮጥን። የተሠሩበትን ዓላማ ባያውቁም ጥሩ ባርኔጣ ናቸው።

ያደርነው የአያ ዘመድ ጎጆ ነው። የገብስ ቂጣና ሻይ ሰጡን። ቡልኮ አለበሱን። ባለቤቷ ጀሪካኖቹን አገላብጠው አይተው «ምነው ልጆቼ፣ እንዲህ አድርጋችሁ ያበላሻችሁት?» አሉ። እናቴን ነው ያስታወሱኝ።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሳን። ብርሃን ሲሆን አንድ ገደል መሰል ሸለቆ ላይ ደረስን፤ ፀሐይ አልገባበትም። ነፋስና ጎርፍ የዘነበውን በረዶ ሁሉ ጠርገው እዚያ ከምረውታል። ሌሊት ቁሩ አጣብቆታል። ነጭ ነው። ከጓሳው መሀል የተዘረጋ ነጠላ ይመስላል። ጓደኛዬ ወረደና እግሩን አስገባ። ከቁርጭምጭሚቱ ትንሽ አለፈው።

«እስከ ጉልበት አይደለም» አልኩት።

«የንጉሡ ወታደር አጭር ነበራ» አለ።

ቁልቁለቱን በእርምጃ ለካሁት፤ ስድሳ ነው። ጀሪካን እንደ እውነተኛ ስኪ የብረት ጠርዝ የለውም፤ አይታጠፍም፣ አይቆምም። መቆም የሚቻለው በመውደቅ ነው። ከታች ድንጋይ አለ። አያ ይሄን ሲያዩ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ድንጋዩ ላይ ጣሉና ከፊቱ ቆሙ። «ኑ፣ እኔ እይዛችኋለሁ» አሉ።

እሱ ቀደመ። ሁለቱን ሽመል ተከለ። ቢስሚላህ አለ። ለቀቀው።

የስልኬ ሰዓት ዘጠኝ ሰከንድ ይላል። በዘጠኙ ሰከንድ ውስጥ ያየሁትን ግን በሰዓት አልለካውም። ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ ግራሶ የማይለቀው ሹራቡ በነፋስ ተነፍቶ ቆሞ ወረደ። ድምፁ ማሽላ በወንፊት ሲነፋ የሚሰማው ዓይነት ነው። አያ ያዙትና ሁለቱም ተያይዘው ወደቁ። ከዚያ ሸለቆው በሳቅ ተሞላ። አያ ተነሥተው በረዶውን ከጢማቸው እያራገፉ «ለዚህ ነው ከሀብሩ ድረስ የመጣችሁት?» አሉን። «ለዚህ ነው» አላቸው።

እኔም ሞከርኩ። በመጀመሪያው ወደቅኩ። በሁለተኛው ሠላሳ እርምጃ ያህል ቆሜ ወረድኩ። በሕይወቴ ሥራ ሳይሆን፣ ለማንም ሳይጠቅም፣ እንዲያው ለራሱ ሲባል የሠራሁት ትልቁ ነገር እሱ ነው። እሱ ሦስት ጊዜ ወረደ። ራቅ ብሎ አንዲት ቀይ ቀበሮ ጓሳው መሀል ቆማ አየችን፤ አይጥ እንዳልሆንን ስታረጋግጥ ሄደች።

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን ደመናው ከታች መውጣት ጀመረ። ጫፉ ይታየናል። ጓደኛዬ ጫፉ ላይ ቆሞ ፎቶ መነሳት ይፈልጋል፤ ለዚህ ብሎ መኪና ላይ የሚለጠፍ ትንሽ ባንዲራ ይዟል። አያ ሰማዩን አዩና «ይበቃል» አሉ። ሩቅ ነጎደ።

«አንድ ሰዓት ቢፈጅ ነው» አለ ጓደኛዬ።

«እንመለስ» አልኩት።

«እዚህ ድረስ መጥተን?»

«ስማኝ፤ እንመለስ።»

አየኝ። ይናደዳል ብዬ ነበር። ባንዲራውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ስኪውን ጀርባው ላይ አሰረ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቆመንበት የነበረው ጉብታ አጠገብ መብረቅ ወረደ። ማንም ምንም አላለም። አያ ብቻ አማተቡ።

ቁልቁል ስንወርድ፣ አያ ወደፊት ቀድመው ሳለ፣ እንዲህ አለኝ፦

«ለመስቀል አልኖርም።»

«የት ልትሄድ?»

«ጅቡቲ።»

ሀብሩ ውስጥ አንድ ወጣት ጅቡቲ ሲል ጅቡቲ ማለቱ አይደለም። ኦቦክ ማለቱ ነው፤ ከኦቦክ ጀልባ፣ ከባሕሩ ማዶ የመን፣ ከየመን በእግር ሳዑዲ። ሁለታችንም እናውቀዋለን። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ150 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ ታላቅ ወንድሙ አንዱ ነበር። ፌስታል ይዞ ነው የመጣው። ስለ መንገዱ አንድ ማታ ብቻ ተናገረ፤ ከዚያ ወዲህ አንስቶት አያውቅም።

«ደላላው ጨርሷል» አለ ጓደኛዬ። «ጎማ እየነፋሁ ሠላሳ ዓመት ልሞላ ነው እንዴ?»

እኔ ምን አልኩ? «አብሽር» አልኩት። «ይሳካልሃል።»

ይሄን ጽሑፍ የጀመርኩት ስለዚያች ቃል ነው። አብሽር ጥሩ ቃል ናት። ልቅሶ ቤትም፣ ፈተና በር ላይም፣ ሆስፒታልም እንላታለን። ግን ከሰዓታት በፊት ነጎድጓድ ሰምቼ «እንመለስ» ያልኩት ሰውዬ እኔው ነኝ። ይሄኛው ነጎድጓድ ከዚያኛው ይበልጥ ነበር። ለምን ዝም አልኩ?

ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ተራራው ላይ ተመለስ ስለው የምመልሰው ቦታ ነበር፤ ጎጆ፣ እሳት፣ ቡልኮ፣ የገብስ ቂጣ። በዚህኛው መንገድ ግን ወደ ምን ነበር የምመልሰው? ወደ ጎማው? ዲግሪ ይዤ ሥራ የሌለኝ ሰው፣ እዚያው ሱቅ ጎማ ላይ ተቀምጬ ሻይ የሚገዛልኝ እሱ፣ «አትሂድ» የማለት መብት ያለኝ አልመሰለኝም። ይሄ ሰበብ ይመስላል። ሰበብም ነው። ግን እውነትም አለው፤ ብዙዎቻችሁ ወንድም፣ እህት ስትሸኙ የዋጣችሁት ዝምታ ይሄው ይመስለኛል።

ጥቅምት ላይ ሄደ። አራት ወር ድምፁ ጠፋ። እናቱ ስልክ በጠራ ቁጥር ቡናውን ትታ ትነሳለች። ከዚያ አንድ ሌሊት ከማይታወቅ ቁጥር «አለሁ» የሚል የድምፅ መልእክት ላከ። ሌላ ምንም የለበትም። ደግሜ ደግሜ ሰማሁት። እስካሁን ስለ መንገዱ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም።

በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ በቆቦ በኩል ወደ እኛ ሲቀርብ እናቴ ከቤት አልወጣም አለች። እኔም እሷን ሰበብ አድርጌ ተቀመጥኩ። መንገዱ ሰው በሰው ነው፤ ፍራሽ የተሸከመ፣ ላም የሚነዳ፣ ሁሉም ወደ ደሴ። ማታ ስልኬ ጠራ። እሱ ነው።

«የት ነህ?»

«ቤት።»

«ውጣ።»

«እናቴ እኮ—»

«ስማኝ። እናትህን ይዘህ ዛሬውኑ ውጣ።»

«ወዴት ነው የምወጣው? ማን ጋ?»

«እሱን አላውቅም» አለ። «ውጣ ብቻ።»

እኔ የምመልስበት ቦታ የለኝም ብዬ የዋጥኩትን ቃል እሱ የምወጣበት ቦታ ሳያዘጋጅልኝ፣ ከባሕር ማዶ ሆኖ፣ የሰው በግ እየጠበቀ አለኝ። ደሴ ማንንም እንደማላውቅ ያውቃል። ቢሆንም አለ። በማግሥቱ እናቴን ይዤ ወጣሁ። ብዙም ሳይቆይ አካባቢው ስልክ የለ፣ መብራት የለ። ጥቅምት ላይ ከደሴም ተነሥተን ደብረ ብርሃን ገባን።

ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ስንመለስ ቤታችን ቆሟል፤ ዕቃ ግን አልነበረም። በርሜል፣ ድስት፣ ፍራሽ፣ የእናቴ ጀሪካኖች በሙሉ ሄደዋል። ሱቁ በሩ ተገንጥሏል፤ መፍቻ አንድም አልተረፈም። ከበሩ ኋላ ግን ሁለት ጥንድ ቢጫ ፕላስቲክ ተደግፎ ቆሟል። የዘረፈው ሰው አገላብጦ አይቶት ምን እንደሆነ ሳይገባው ትቶት ሄዶ መሆን አለበት። ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። ለሦስት ቀን ኔትወርክ አልነበረም። ሲደርሰው በድምፅ መለሰልኝ፤ አንዲት ቃል የለበትም፣ ሳቅ ብቻ ነው።

አሁን ክረምት በመጣ ቁጥር ይደውላል። እዚያ በጋ ነው፤ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ያልፋል ይለኛል። በእኛ ነሐሴ ደቡብ አፍሪካ መሀል ያለችው ሌሶቶ ግን ክረምቷ ነው፤ ተራራዋ ላይ ሊፍት ያለው የስኪ መዝናኛ አላት። ቪዲዮውን ልኬለት ነበር። «ሊፍት ካለውማ ምኑን ስኪ ሆነ?» አለኝ።

ባለፈው ደግሞ ሰላምታውን ሳይጨርስ «አቡነ ዮሴፍ በረዶ ጥሏል?» አለ።

«ሳይጥል አይቀርም» አልኩት።

«ጫፉ ይቀረናል፣ አትርሳ።»

አብሽር ልለው አፌ ላይ መጥታ ነበር። መለስኳት።

«ተመለስ» አልኩት። «ምን እንደምታገኝ አላውቅም። ሱቁ በር የለውም። ስኪው ግን አለ። ተመለስ።»

መስመሩ ላይ ዝም አለ። ከኋላው በጎች ይጮሃሉ። የተቋረጠ መስሎኝ ስልኩን ከጆሮዬ አንስቼ አየሁት፤ ሰዓቱ እየቆጠረ ነበር። ዘጠኝ ሰከንድ አለፈ።

«የስኪውን ላስቲክ ፀሐይ እንዳይመታው» አለ። «ይደርቃል።»